የልብ ድካም አለብሽ ተብዬ ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሳሁ

እኔ ምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ትውልዴ ግን መንዝ መሃል ሜዳ ነው። ስራዬ ባልትና ነው፣ በርበሬ ሽሮ በሶ ምናምን አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ይሄን እንድጽፍ ያረገኝ ባለፈው ሰሞን የአንዲት ደንበኛዬን ባል ልጠይቅ ሄጄ ያየሁት ነገር ነው። ሰውየው የልብ ድካም ተብሎ ተኝቶ ታክሞ ወጥቷል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፣ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ግን ሶስት ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር ከወንበር ወደ አልጋ ነው። እኔ እያለሁ ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ ሶስት ልጆቹ ባንዴ ብድግ አሉ፣ "አባዬ ተቀመጥ!" ሳቄም እንባዬም ባንዴ መጣ፣ ምክንያቱም በ2011 እኔንም ልክ እንደዛ ነው ያረጉኝ፣ ሰባት ወር ጋቢ ለብሼ ፀሐይ ስሞቅ ነው የከረምኩት።

ሲጀምረኝ ምንም አላወቅኩም። ከገበያ ስመለስ እቤቴ ጋ ያለችው ትንሽ ዳገት ላይ ሁለቴ ሶስቴ መቆም ጀመርኩ፣ ወፍሬ ነው አልኩ። ከዛ ማታ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ትራስ ሁለት አረግኩ፣ ሶስት አረግኩ፣ በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ነበር ማድረው። እንቅልፍ ከወሰደኝ በኋላም ሰው እንዳፈነኝ ብንን እልና መስኮት እከፍታለሁ፣ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ባለቤቴ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ "ሴትዮ በብርድ ልትጨርሺን ነው እንዴ" ይለኛል። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሳንባ ምች ነው ተብሎ መርፌ ተወጋሁ፣ ሁለተኛ ስሄድ አስም ነው ተባልኩ። እግርሽን አሳዪኝ ያለኝ ሰው የለም፣ እኔም አላሳየሁም፣ ካልሲዬን ሳወልቅ ግን ዙሪያውን ገመድ የታሰረበት ይመስል ነበር፣ ቅልጥሜን በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ይሰረጉድና ቶሎ አይሞላም። የኅዳር ጽዮን ዕለት ቤተክርስቲያን ደጅ ቁጭ እንዳልኩ መነሳት አቃተኝ፣ ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ስገባ 78 ኪሎ ነበርኩ ስወጣ 68፣ አስር ኪሎ ውሃ ነው በሽንት የወጣው፣ ላሲክስ ሚሉት መርፌ ሲሰጡኝ ሽንት ቤት ደርሼ ሳልመለስ ሌላው ይመጣል። ኢኮ ሚሉትን የልብ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ 28 አለ። ዶክተሩ ሲያስረዳኝ ልብሽ ሊቆም ነው ማለት አይደለም፣ ልብ ሲጨመቅ በውስጡ ካለው ደም ጤነኛ ቢሆን ከመቶው ከ55 እጅ በላይ ይገፋል፣ ያንቺ ግን 28 እጅ ብቻ ነው ሚገፋው፣ ስለዚ ውሃው ወደኋላ ወደ ሳንባሽና ወደ እግርሽ እየመለሰ ነው አለኝ። ምክንያቱ የደም ግፊት ነው። እዚ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው መደበቅ አልፈልግም፣ ከዛ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግፊት አለብሽ ተብዬ ክኒን ተሰጥቶኝ ሶስት ወር ውጬ ራስ ምታቱ ሲተወኝ ድኛለሁ ብዬ አቆምኩት። ግፊት ማለት ራስ ምታት ነበር ሚመስለኝ። ለካ ዝም ብሎ ነው ሚሰራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ "የልብ ድካም" ሚለው ስም ራሱ ጉድ ሰራኝ። ደከመ ከተባለ እረፍት ነዋ መድኃኒቱ፣ ሁሉም ሰው የገባው እንደዛ ነው። አማቴ ከጓዳ አባረሩኝ፣ ጎረቤቴ እትዬ "የደከመ በሬ ያርፋል እንጂ ይጠመዳል እንዴ" አሉ፣ እድር ላይ ሽንኩርት መላጥ እንኳ ከለከሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሳይሆን ፈርቼ ተቀመጥኩ። ማታ ማታ ጆሮዬን ትራሱ ላይ ሳደርግ የልቤን ምት እሰማዋለሁ፣ እቆጥረዋለሁ፣ አንዱ የዘለለ ሲመስለኝ ልጆቼን አስባለሁ። ሰውነቴ ደሞ እየቀለጠ ሄደ፣ በሰባተኛው ወር ላይ ከበርጩማ ለመነሳት እጄን መደገፍ ጀመርኩ፣ እኔ ደሞ ይሄንንም ልቤ ነው ብዬ ለቀጠሮ ስሄድ ነገርኳቸው።

ቀጠሮ ላይ የነበረችው ሲስተር ናት የነቃችብኝ። "ቀኑን ሙሉ ምን ትሰሪያለሽ?" አለችኝ። "ምንም፣ አርፋለሁ።" "እስቲ ቀሚስሽን ከፍ አድርጊና እግርሽን አሳዪኝ" አለች። እብጠት ልታይ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ባቴን ይዛ "ይሄ እኮ ጡንቻው አልቋል፣ አሁን ያቃተሽ ልብሽ ብቻ አይደለም እግርሽም ነው፣ ቁጭ ብለሽ ልብሽን ምታሳርፊው መስሎሽ ስራ እያበዛሽበት ነው" አለችኝና ዶክተሩ ጋ ይዛኝ ገባች። እሱም ግፊቴን ለካ፣ ሳንባዬን አዳመጠ፣ ውሃ የለም፣ እብጠት የለም፣ ሂጂ በእግርሽ መሄድ ጀምሪ አለኝ። ይሄንን ልብ በሉልኝ፣ እግሬ አብጦ ወይ ቁጭ ብዬ ትንፋሽ እያጠረኝ ቢሆን ኖሮ ጀምሪ አይለኝም ነበር፣ ስለዚ ማንም ይሄን አንብቦ ሀኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነሳ።

እንግዲ እኛ ሰፈር ከቤቴ በር ፊት ለፊት ጀምሮ እስከ አስፋልቱ የመብራት ምሰሶ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ምሰሶ ሄጄ ተመለስኩ፣ በቃ። በማግስቱም አንድ። ሶስት ቀን አንድ ከሄድኩ በኋላ ሁለት አረግኩት። ትንሹ ልጄ ያኔ አስራ አንድ ዓመቱ ነበር፣ ድንገት ቢደክመኝ ብሎ ዱካ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል፣ ሰፈርተኛው በሳቅ ሞተ፣ "ንግሥት ዙፋኗን አስይዛ ወጣች" ይሉኝ ነበር። ዱካዋ ግን ሁለት ሳምንት ጠቅማኛለች ውሸት አልናገርም።

ልኩን እንዴት አውቃለሁ ብዬ ስጠይቅ ሲስተሯ እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ ልክ ነው፣ ማውራት ካቃተሽ ቀንሺ አለችኝ። እኔ ብቻዬን እያወራሁ ብሄድ አበደች ይሉኛል፣ ስለዚ አባታችን ሆይን ድምፅ አውጥቼ እላለሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንፋሽ ሳይቆርጠኝ ከጨረስኩ እቀጥላለሁ፣ "የዕለት እንጀራችንን" ላይ ከቆረጠኝ እቆማለሁ። እስካሁንም መለኪያዬ ይሄው ነው። ሰዓቱ ደሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ ምክንያቱም ብርድ የደም ስር ያጠብባል ግፊትም ይጨምራል አሉኝ፣ የኛ አገር የማለዳ ብርድ ደሞ ለጤነኛም አይሆን። ምግብ በልቼ ወዲያው አልወጣም። ደረት ላይ መጫን፣ ማዞር፣ ልብ እንደ ከበሮ መደለቅ ከመጣ እዛው ቁጭ ነው፣ ካልተወኝ ሆስፒታል ነው። በአራት ወር ሃያ ሁለት ምሰሶ ደረስኩ፣ አስፋልቱን ተሻግሬ መመለስ ማለት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በመሀል ጉንፋን ይዞኝ አስር ቀን ተኝቼ ስነሳ ወደ ስምንት ወረድኩ፣ አልቅሼ ነበር፣ ግን ከስምንት ወደ ሃያ ሁለት ለመመለስ ሶስት ሳምንት ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ሚዛን ሌላው ነገር ነው። ውሃ መያዝ ሲጀምር እግር ከማበጡ በፊት ሚዛን ላይ ይታያል፣ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመርሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ ተብያለሁ። ቤት ሚዛን አልነበረኝም፣ መናኸሪያው አካባቢ ሚዛን ዘርግቶ ሚቀመጥ ልጅ አለ፣ እሱ ጋ በየቀኑ እሄድ ነበር፣ ልጁ ኪሎዬን በቃሉ ያዘው፣ "እትዬ ዛሬ ግማሽ ኪሎ ጨምረዋል፣ ትላንት ምን በሉ?" ይለኛል። በኋላ ዶክተሩ ከጋቢና ከጫማ ጋር መመዘን ያሳስታል፣ ጠዋት ሽንት ከወጣሽ በኋላ ሳትበዪ በአንድ ዓይነት ልብስ ነው ሲለኝ የራሴን ገዛሁ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ልጁን ግን ሳልፍ እመዘንለታለሁ፣ ደንበኝነት ነው።

ጨው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሙያዬ ነው። ሀኪሞች ጨው ቀንሱ ሲሉ ሰው ሚገባው ወጥ ላይ ሚጨመረው ነው። እኔ ባልትና ሰሪ ነኝ፣ ጨው የት የት እንዳለ ልንገራችሁ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮ ሲፈጭ ጨው ይገባበታል። አዋዜና ዳጣ ላይማ አይወራ። ዳቦ ላይ አለ። በሶም በጨው ነው ሚበጠበጠው። ስለዚ አንድ ሰው "ወጤ ላይ ጨው አልጨምርም" ብሎ የገበያ በርበሬና የገበያ ሽሮ ከተጠቀመ ጨዉን ሳያየው በልቶታል። እኔ ለራሴ ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ለብቻ አስፈጨሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብል ኮረሪማ በሶብላ በዛ አርጌ፣ ከላይ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ፣ የኛ አገር ጦስኝ ደሞ በደረቁ ታሽቶ ሽሮ ላይ ሲነሰነስ የጨዉን ነገር በጣም ያስረሳል። የመጀመሪያው ሶስት ሳምንት ጭቃ ነው ሚመስለው አልዋሽም። ከዛ ምላስ ይለምዳል፣ አሁን ሰው ቤት ስበላ ያቃጥለኛል። ያለ ጨው ያዘጋጀሁትን አሁን ለግፊት ለኩላሊት ለልብ ሰዎች እሸጣለሁ፣ በሽታዬ ገበያ ሆነልኝ በሉት። አንድ ነገር ግን፣ ጨው ምትክ ተብሎ በዕቃ ሚሸጥ አለ፣ ፖታሲየም ነው ያለበት፣ ከምንወስደው መድኃኒት ጋር አይሄድም ብለው ከልክለውኛል፣ ሳትጠይቁ እንዳትገዙ።

ውሃም በልክ ነው፣ ለኔ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ተባልኩ፣ ለሁሉም እንደዛ አይደለም ሀኪም ነው ሚወስነው። ጠዋት አንድ ትልቅ ሃይላንድ እሞላለሁ፣ ቡና ስጠጣ ሻይ ስጠጣ ሾርባ ስጠጣ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ እደፋለሁ፣ ሲያልቅ አለቀ። ያስቸገረኝ ጸበል ነው። ጻድቃኔ ማርያም ልሄድ ፈለግኩ፣ ስለት ነበረብኝ፣ ቤተሰብ ደሞ መድኃኒቱን ትተሽ ጸበሉን ጠጪ ይላል። የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ "ልጄ፣ መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፣ እየዋጥሽ ሂጂ፣ ጸበሉም በማንኪያ ቢሆን ያው ጸበል ነው" አሉኝ። በሲኒ እየለካሁ ጠጣሁ፣ ክኒኔንም አንድ ቀን አልዘለልኩም። ጾሙንም እሳቸው ናቸው ያቃለሉልኝ፣ ሥጋና ወተቱን እተዋለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን አልጾምም፣ ጠዋት በልቼ መድኃኒቴን እውጣለሁ።

ስለ መድኃኒት እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ የደረሰብኝን ብቻ ነው ምለው። ሜቶፕሮሎል ሚሉትን የልብ ክኒን ሲጀምሩልኝ ሁለት ሳምንት ሰውነቴ እንደ እርጥብ ጋቢ ከበደኝ፣ ልተወው ነበር፣ ከትንሽ ጀምረው ነው ሚጨምሩት፣ ሰውነትሽ ይለምደዋል፣ ባንዴ ማቆም አደገኛ ነው አሉኝ፣ እውነትም ለቀቀኝ። ኢናላፕሪል ሚሉት የግፊትና የልብ ክኒን ደሞ ደረቅ ሳል አመጣብኝ፣ በሽታው የተመለሰ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ወደ ሎሳርታን ቀየሩልኝ ሳሉ ጠፋ። ትልቁ ስህተቴ ግን ጉልበቴን ሲያመኝ ነው። አንድ ፋርማሲ ገብቼ የጉልበት ስላቸው ዳይክሎፌናክ ሚሉት ማስታገሻ ሰጡኝ፣ ልብ እንዳለብኝ አልጠየቁኝም እኔም አልነገርኳቸውም፣ በአራት ቀን ሶስት ኪሎ ጨመርኩ፣ ትራሱ ተመለሰ። ለካ ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ውሃና ጨው ያስይዛሉ፣ ለኛ አይሆኑም። ከዛ ወዲህ የምወስዳቸው መድኃኒቶች ስም ያለበትን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው ምዞረው፣ ማንም ነጭ ገዋን የለበሰ ሰው ፊት መጀመሪያ እሷን ነው ማወጣው። መድኃኒት ደሞ አንዳንዴ ከመንግሥት ፋርማሲ ይጠፋል፣ መንገድም ይዘጋል፣ ስለዚ የአንድ ወር ሲቀረኝ ነው ፍለጋ ምጀምረው እንጂ ሲያልቅ አይደለም።

አፍሬ ማልፈው ነገር ደሞ አለ፣ ሴቶች በጆሮ ስለሚጠይቁኝ ልጻፈው። ባልና ሚስትነት። ባለቤቴ ፈርቶ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ዞሮ ተኛ፣ እኔ ጠልቶኝ ነው ብዬ፣ እሱ እገድላታለሁ ብሎ። ዶክተሩን የጠየቀው እሱ ነው፣ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳትቆም መውጣት ከቻለች ችግር የለውም ተባለ። ደረጃ ያለው ሕንፃ ፍለጋ ወጣን፣ እመኑኝ።

ወደ ስራ የተመለስኩት ቀስ ብዬ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ መልቀም፣ ከዛ መቁላት፣ ከዛ ወፍጮ ቤት መመላለስ። ሙቀጫና ጆንያ ተውኩ፣ ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ግፊት ይጨምራል ስላሉኝ ሰው ቀጥሬያለሁ። በዓመት ተኩሉ ኢኮው 48 ሲል በዛው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ወርጄ ማሾና ሽንኩርት ገዛሁ። ከደብረ ብርሃን ብርድ በጣርማበር ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ጥሎ እስከ ሮቢት ሙቀት መውረድ ለኛ ዓይነት ሰው ቀልድ አይደለም፣ ከመኪና ብድግ ብዬ ስወርድ ዞረብኝና ባለ ቆሎዋ ልጅ ናት የያዘችኝ። ሙቀትና ላብ እያለ ግፊት ሚቀንስ መድኃኒት ላይ ነን፣ ቀስ ብሎ መነሳት ነው፣ ቁጭ ብሎ እግርን ማወዛወዝ ከዛ መቆም። የላሲክስ ክኒኔን ደሞ መኪና ላይ እያለሁ ሽንት እንዳያስቸግረኝ ዶክተሩን አስፈቅጄ ስደርስ ነው ምውጠው፣ በማግስቱ ሳይሆን በዛው ቀን ግን፣ መዝለል የለም።

ባለፈው ዓመት ደሞ መሃል ሜዳ እናቴ ጋ ሄድኩ። እዛ ከፍታው ከደብረ ብርሃንም ይብሳል፣ ስለዚ መጀመሪያ ዶክተሩን ጠየቅኩ፣ ደርሼም ሁለት ቀን ምንም ሳልሰራ ቁጭ አልኩ፣ ይሄኛው እረፍት ትክክለኛ እረፍት ነበር። በሶስተኛው ቀን እናቴና እኔ ቤተክርስቲያን ሄድን፣ ዳገት ነው፣ እሷ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው በመቋሚያ ትወጣዋለች። መሀል ላይ እኔ አባታችን ሆይ ስል ሰምታ "ምነው ልጄ አመመሽ?" አለችኝ። ኧረ አይደለም እማዬ እየለካሁ ነው አልኳት። አልገባትም፣ ግን አብራኝ ማለት ጀመረች፣ በሩ ጋ ስንደርስ ትንፋሽ ቆርጦት ዝም ያለችው እሷ ናት።

ማታ ያመጣሁትን ሽሮ ሰራሁላት። አንዴ ቀመሰች፣ ዝም አለች፣ ሌላ ጎረሰች፣ ከዛ ተነስታ የጨው ዕቃዋን አመጣችና እኔን እያየች ለራሷ ብቻ ነሰነሰች።